ቅዳሜ ባሕር ልትወርዱ ነው? እኔ ዓርብ ማታ የማያቸው ነገሮች

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ኦሽን ሲቲ ባሕር ዳርቻ ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ቤይ ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ላይ መኪና ካልተጨናነቀ ማለቴ ነው፤ በሰመር ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሳይጨናነቅ አይቀርም። ስለዚህ እኛ ቤት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እንነሣለን። (ሰዓቱን በሙሉ በሀበሻ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ምግቡ ከማታ ጀምሮ ተሰናድቶ ያድራል። ዶሮው ተጠብሶ፣ ፍርፍሩ በዕቃ ተደርጎ፣ ቡናው በፔርሙስ። ልጆቹ የቀረውን እንቅልፍ መኪና ውስጥ ይጨርሳሉ። ይኼን ሁሉ ለፍቶ የደረሰ ሰው ባሕሩ ፊት ቆሞ «ዛሬስ ይቅርብን» ለማለት አንጀቱ አይችልም። እኔም አልችልም። ለዚህ ነው ውሳኔውን ዓርብ ማታ ሶፋዬ ላይ የምጨርሰው።

ይህን ልማድ ያመጣሁት ከአዋቂነት አይደለም። ደንግጬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ስልኬን ከፈትኩ። ደማቅ ቢጫ ፀሐይ። 84 ዲግሪ ፋራናይት። ዝናብ ዜሮ በመቶ። ንፋሱም ለስላሳ። ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? የባለቤቴ ወንድም አብሮን ነበር። እሱ ዋና የተማረው ሶደሬ ነው፤ ከቤተሰቡ ሁሉ የሚበልጥ ዋናተኛ ነው። እኔ እንኳ ግዮን ሆቴል ገንዳ ውስጥ ጠርዙን ይዤ እግሬን ሳንቦጫርቅ ነው ያደግሁት።

ስንደርስ ማዕበሉ ግራና ቀኝ ነጭ አረፋ እያወጣ ይሰበራል። መሐል ላይ ግን አንድ አሥር ሜትር የሚሆን ቦታ ጸጥ ብሏል። አረፋ የለውም። ውኃው ትንሽ ጠቆር ያለ፣ አሸዋ የተቀላቀለበት ይመስላል። «እዚህ ጋ ይሻላል፣ ማዕበል የለም» አለና ገባ። ለእኔም ልክ መሰለኝ። ልጆቼን ይዤ እስከ ጉልበቴ ተከተልኩት።

ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ቀና ስል ርቋል። ፊቱ ወደ እኛ ነው፣ ክንዱ ይሠራል፣ እየዋኘ ነው። ግን እየራቀ ነው። መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ክንዱ እየከበደው ሲመጣ አየሁ። ልጆቹን ለማን ትቼ ልግባ? ብገባስ ምን ላደርግ? ጮህኩ። ላይፍጋርዷ ግን ከእኔ ቀድማ አይታዋለች። ፊሽካዋን ነፋች፣ ቀዩን ተንሳፋፊ ይዛ ሮጠች። ስትገባ ቀጥታ ወደ እሱ ነው የሄደችው። ስትመለስ ግን ቀጥታ አልመጣችም። ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ይዛው ሄደች። እግሩ መሬት የነካው ከእኛ ሃምሳ ሜትር ያህል ርቆ ነው።

በፎጣ ጠቅልለን አስቀመጥነው። ለብዙ ጊዜ አልተናገረም። በኋላ ያላት ነገር ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም፦ «እኔ እኮ እየዋኘሁ ነበር። የሚሄደው ባሕሩ ነው።»

ያ ጸጥ ያለ ቦታ ሪፕ ከረንት ይባላል። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውኃ መመለሻ መንገድ ይፈልጋል። አሸዋው ጎድጎድ ያለበትን ቦታ ሲያገኝ በዚያ በኩል እንደ ወንዝ ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ቦታው ጠለቅ ስለሚል ማዕበሉ እዚያ ጋ አይሰበርም። ለዓይን የዋህ የሚመስለው ለዚህ ነው። እኛም የመረጥነው የዋህነቱን አይተን ነው። የአሜሪካው የባሕርና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ኖኣ እንደሚለው ፍጥነቱ በሴኮንድ 8 ጫማ፣ ማለትም ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል። የኦሎምፒክ ዋናተኛም አይቀድመውም። የሶደሬ ልጅማ ምን ያድርግ!

ወደ ታች ግን አይጎትትም። ብዙ ሰው «ባሕሩ ጎትቶ አሰመጠው» ይላል። ሰውን የሚገድለው ፊት ለፊት ሲታገሉት የሚመጣው ድካም ነው። ስለዚህ ከያዛችሁ መጀመሪያ ተንሳፈፉ። ትንፋሻችሁን ሰብስቡ። ከዚያ ወደ ጎን ዋኙ፣ ነጭ አረፋ ወደሚታይበት አቅጣጫ። እዚያ ስትደርሱ ማዕበሉ ራሱ ወደ ዳር ይገፋችኋል። አቅም ካጣችሁ እጃችሁን አውለብልቡና ጩኹ። ዳር የቆመ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን ተወርውሮ አይግባ፤ አንድ የነበረው ሬሳ ሁለት የሚሆነው እንዲህ ነው። የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውር፣ ላይፍጋርድ ይጥራ፣ ከሌለ 911 ይደውል።

ላይፍጋርዷ የኮሌጅ ተማሪ የምትመስል ልጅ ናት። ጠዋት ምን አይተን እንደመጣን ጠየቀችን። ስልኬን አሳየኋት። ፈገግ አለችና ይኼ የሰማዩ ነው አለችኝ፤ የባሕሩ ሌላ ነው። ለካ ከዳርቻው በጣም ርቆ፣ አትላንቲክ መሐል ላይ አውሎ ነፋስ ነበር። እኛ ጋ ደመናው እንኳ አይታይም። ማዕበሉ ግን ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ መጥቷል። እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ አይደለም። ነሐሴ 2025 ላይ ሄሪኬን ኤሪን የአሜሪካን መሬት ሳይነካ በሩቁ ሲያልፍ በምሥራቁ ዳርቻ ብዙ ቢቾች ዋና ከልክለው ነበር። ያን ሰሞን ዝም ብሎ ሰማዩን ያየ ሰው «ምን ሆነው ነው?» ማለቱ አይቀርም።

እንግዲህ ዓርብ ማታ።

ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ ለባሕር ዳርቻ ብቻ የሚያወጣው ትንበያ አለ። ሰርፍ ዞን ፎርካስት ይባላል። በነፃ ነው። የኦሽን ሲቲን የሚያወጣው ቨርጂኒያ ውስጥ ዌክፊልድ ያለው ቢሮ ነው። መጀመሪያ የማየው የሪፕ ከረንቱን መስመር ነው። ሎው፣ ሞደሬት ወይም ሃይ ይላል። ሃይ ካለ የእኔ ልጆች ከቁርጭምጭሚት በላይ አይገቡም፣ ነገሩ አለቀ። ሞደሬት ካለ ላይፍጋርድ ፊት ለፊት ብቻ፣ እኔም አብሬ። ሎው ሲል ደስ ይለኛል፣ ግን ሎው ማለት የለም ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የማዕበሉን ቁመት አያለሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቁመቱን አይቶ «3 ጫማ፣ ምን አላት» ይላል። ከቁመቱ ጎን ግን ሴኮንድ የተጻፈበት ቁጥር አለ፣ ፒሪየድ የሚሉት። በአንዱ ማዕበልና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ነው። 3 ጫማ በ5 ሴኮንድ ከሆነ እዚያው አካባቢ ያለ ንፋስ የቀሰቀሰው ነው። ይረብሻል፣ ይገፈታትራል፣ ግን ጉልበቱ ያን ያህል አይደለም። 3 ጫማ በ11 ወይም በ12 ሴኮንድ ከሆነ ግን ከሩቅ የመጣ ነው። ጉልበት አለው። ደግሞም ተንኮለኛ ነው። በቡድን በቡድን ነው የሚመጣው። ለተወሰነ ደቂቃ ጸጥ ይልና ሰው ሁሉ ተዝናንቶ ሲገባ ትልልቆቹ ተከታትለው ይደርሳሉ። ያን ዕለት የሆነውም ይኼው ነው። አሁን ከቁመቱ በፊት ሴኮንዱን ነው የማየው።

ሦስተኛው ንፋስ ነው። ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን አቅጣጫው። ከምሥራቅ የሚመጣ ንፋስ ባሕሩን ያማስለዋል፣ ውኃውም ይደፈርሳል። ከምዕራብ፣ ከየብስ የሚነፍሰው ደግሞ ውኃውን አስተኝቶ መስታወት ያስመስለዋል። ያምራል። ግን ልጆች የሚቀመጡበትን የፕላስቲክ ፍላሚንጎ ጭኖ ወደ አፍሪካ የሚሄደው ይኼው ንፋስ ነው። የሚነፋ ነገር በዚህ ቀን ከመኪናው አላወርድም። ልጆቹ ያኮርፋሉ። ያኩርፉ።

አንድ የማይታመን የሚመስል ነገር ልጨምር። በሐምሌ ሙቀት፣ ውጭው 95 ዲግሪ ሆኖ፣ ውኃው ጥርስ የሚያንቀጫቅጭበት ቀን አለ። ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ለቀናት ሲነፍስ ላይኛው ሞቃት ውኃ ከዳርቻው ይርቅና ከሥር ያለው ቀዝቃዛው ይወጣል። ነሐሴ ላይ 75 አካባቢ መሆን የነበረበት ውኃ ወደ 60ዎቹ ይወርዳል። ስለዚህ የውኃውንም ሙቀት አያለሁ። ለሜሞሪያል ዴይ የሚሄድ ሰው በተለይ ይኼን አይርሳ። ግንቦት ላይ አየሩ ሰመር ነው፣ ባሕሩ ግን ገና ከዊንተሩ ብርድ አልወጣም። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘሎ የሚገባ ሰው ትንፋሹ ይቆረጣል፣ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን።

አሁን ስለ ታይድ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይገፋል፤ ስለዚህ ያለፈው ቅዳሜ ሰዓት ለዚህ ቅዳሜ አይሠራም። ኦሽን ሲቲ ላይ ይኼ ነገር ትርጉም አለው፤ አሸዋው ገደል ቢጤ ስለሆነ በተለይ ሲሞላ ማዕበሉ ውኃው ላይ ሳይሆን ቀጥታ አሸዋው ላይ ነው የሚፈርጠው። ሾርብሬክ ይሉታል። አንገቱንና አከርካሪውን የሚጎዳ ሰው እዚህ ዳርቻ ላይ በየዓመቱ አለ፤ ብዙው የሚጎዳው ደግሞ ወገቡ በማይደርስ ውኃ ውስጥ ነው። በጭንቅላት መወርወር የለም። ማዕበል ላይ ተኝቶ ወደ ዳር መምጣትም በዚህ ሰዓት የለም።

የእኛ ሰው ልዩ ችግር ግን ሌላ ነው። ፎቶ። እናቶቻችን ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን ሊያርሱ ይገባሉ። ከዚያ ጀርባቸውን ለባሕሩ ይሰጡና ለፎቶ ይቆማሉ። አማቴ እንዲህ ቆመው ነው ማዕበሉ ከኋላ ጉልበታቸውን መትቶ የጣላቸው። ነጠላቸውን ባሕሩ ወሰደው፣ እሳቸውን እኛ ያዝናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን አጥንት አልተሰበረም። አሁን ቤተሰቡ ውስጥ ሕግ ወጥቷል፦ ፎቶ የሚነሣ ሰው ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፣ አንድ ሰው ደግሞ ባሕሩን ያያል።

ላይፍጋርዶቹ በሰመር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ነው የሚቆዩት። እኛ ሌሊት ተነሥተን ስለምንሄድ ብዙ ጊዜ ከእነሱ ቀድመን እንደርሳለን። ያ ሰዓት ቁርስ የሚበላበት ነው፣ ዋና የሚዋኝበት አይደለም። አሳቲግ ደሴት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ላይፍጋርድ ያለው በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላው ዳርቻ ሰው የለበትም። ፈረስ አለበት። የዱር ፈረሶቹ መጥተው ምሳችሁን ሊበሉ ይችላሉ፣ ይኼን ስል ቀልድ አይምሰላችሁ።

አሳቲግን ካነሣሁ አይቀር፣ አሣ ለማጥመድ የምወደው ቦታ እሱ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ነው የምሄደው፣ ሁለቱም ኡበር የሚነዱ ናቸው። ዕረፍት ብለው ሌሊቱን ሙሉ ይነዳሉ፣ ምን ይባላል። ለዋና መጥፎ የሆነ ቀን ለአሣ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። ትንሽ ማዕበል ሲኖር አሸዋው ይገላበጣል፣ አሣውም ሊበላ ወደ ዳር ይጠጋል። ሲበዛ ግን ውኃው በሣር ይሞላና በየሁለት ደቂቃው መንጠቆ ላይ የሚወጣው ሣር ብቻ ይሆናል። ውኃው ወደ ጎን የሚሮጥበት ቀን አለ፤ ክሩ ላይ የሚታሰረው የእርሳስ ብረት ከባድ ካልሆነ ክሩ ተጠራርጎ የጎረቤታችሁ ክር ላይ ይጠመጠማል። ያኔ ነው ጠብ የሚነሣው። እኛ የምንመርጠው ገና ሳይነጋ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ውኃው እየሞላ ባለበት ሰዓት ነው። ስፖት፣ ክሮከርና ኪንግፊሽ የሚባሉትን ትንንሾቹን በስኩዊድ ቁራጭና በትል እናወጣለን። ብዙ አይደለም። ለጥብስ ይበቃል።

የምዕራብ ንፋስ ያለበትን ቀን ግን ለአሳቲግ እርሱት። ከረግረጉ የሚናከሱትን ዝንቦች ጠራርጎ ዳርቻው ላይ ያወርዳቸዋል። ካልሲ ውስጥ ሳይቀር ይነክሳሉ። አንድ ጊዜ በ20 ደቂቃ ውስጥ ዕቃችንን ሰብስበን ሮጠናል።

ፈቃድ ደግሞ አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ16 ዓመት ጀምሮ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። በጁን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎችና በጁላይ 4 ግን ያለፈቃድ ይፈቀዳል። መሞከር ለሚፈልግ ጥሩ ቀኖች ናቸው። የአሣው መጠንና ቁጥር በየዓመቱ ስለሚለወጥ የዘንድሮውን አይታችሁ ሂዱ። ሌላው፣ ኢንሌቱ ጋ ያሉት ትልልቅ ድንጋዮች ላይ ወጥታችሁ አታጥምዱ። ኢንሌቱ በ1933 በመጣ አውሎ ነፋስ የተከፈተ ነው፤ ባሕሩና የውስጡ ቤይ የሚገናኙበት ጠባብ በር። ድንጋዩ ያሟልጫል፣ ውኃው ደግሞ ይሮጣል።

ወደ ጀልባው ልምጣ። አጎቴ ከባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና አገር፣ ለጉብኝት መጥተው ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በቤዩ በኩል ጠፍጣፋዋን ጀልባ፣ ፖንቱን የሚሏትን፣ ልንከራይ አሰብን። እኔ ምሳ በልተን 8 ሰዓት ላይ እንውጣ አልኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከሰዓት በኋላ ውኃ ላይ አይወጣም።»

«ጋሼ፣ ይኼ ጣና አይደለም እኮ» አልኳቸው እየሳቅሁ።

«ውኃ ውኃ ነው። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ጠዋት ነው የሚሻገረው። ከሰዓት ንፋሱ ይነሣል።»

ለአክብሮታቸው ብዬ ጠዋት 3 ሰዓት አደረግሁት። ውኃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። 7 ሰዓት አካባቢ ጀልባዋን መልሰን ስናስረክብ ንፋሱ ጀመረ። 8 ሰዓት ላይ ቤዩ በሙሉ ነጭ በነጭ ሆነ። የሰመር ነገር ነው፤ የብሱ ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይወጣና ከባሕር ቀዝቃዛው ሊተካው ይመጣል። 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ከምዕራብ መብረቅ ያዘለ ደመና ደረሰ። ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ነበር። ምንም አላሉኝም። ያዩኝ ግን ይበቃል።

ጠዋትም ቢሆን ያለ ስሕተት አላለፈም። ታይዱን አላየሁም ነበር። ቤዩ ብዙው ቦታ ጥልቀት የለውም። ውኃው እየጎደለ ሳለ አሸዋ ላይ ተቀመጥን፣ ወርደን ስንገፋ ግማሽ ሰዓት አለፈ። እየሞላ ባለ ውኃ ላይ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ጠብቀን እንነሣ ነበር። እየጎደለ ከሆነ ግን በቆያችሁ ቁጥር ይብሳል።

ጀልባ የምትከራዩ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ጀልባ ነጂ የደኅንነት ትምህርት የምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ለተከራይ እንዴት እንደሚሆን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ከ21 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው። እኛ ጋሼንም አልብሰናቸዋል። «እንደ ሕፃን» ብለው አጉረመረሙ፣ ግን አላወለቁትም። ስሞል ክራፍት አድቫይዘሪ የሚል ማስጠንቀቂያ ከወጣ ግን በትንሽ ጀልባ መውጣት የለም። መብረቅ ከተሰማም፣ ጀልባም ላይ ሁኑ አሸዋ ላይ፣ ቤት ወይም መኪና ግቡና ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የባሕር ዳር ጃንጥላ መጠለያ አይደለም፤ ቆሞ የሚጠብቅ ብረት ነው።

ስለ ሰርፊንግ እኔ ብዙ የምለው የለኝም። ልጄ ናት የምትሠራው፣ 14 ዓመቷ ነው። ለእሷና ለእኔ ቁጥሮቹ ትርጉማቸው ተቃራኒ ነው። እኔ 11 ሴኮንድ ሳይ ሆዴ ይንቦጫቦጫል፣ እሷ ታጨበጭባለች። ጠዋት ላይ ለስላሳ የምዕራብ ንፋስ ከተጨመረ ደግሞ መኪናው ውስጥ ቀድማን ተቀምጣ ትጠብቀናለች። ከተማው በሰመር ቀን ላይ ለሰርፍ የሚፈቅደው የተወሰኑ ጎዳናዎች ጋ ነው፣ ቦታውም በየቀኑ ይቀያየራል። ከአስተማሪ ጋር ጀምራለች፣ ገመዱን ከእግሯ አታወልቅም፣ ብቻዋን አትገባም። ከዚህ በላይ እናቷን ጠይቁ።

የባለቤቴ ወንድም አንድ ሰመር ሙሉ ውኃ አልነካም። ከዚያ ተመለሰ። አሁን የሚገባው ላይፍጋርዱ ወንበር ፊት ለፊት ነው፣ መጀመሪያም ለአሥር ደቂቃ ቆሞ ውኃውን ያያል። ሰው ይጠብቀዋል፣ እሱ ያያል። አረፋ የሌለበትን ቦታ በጣቱ ለልጆቹ ያሳያል።

ባሕሩ እንቢ ካለ እኛም አማራጭ አለን። ሳንዲ ፖይንት የሚባለው ፓርክ ድልድዩን ሳትሻገሩ ነው ያለው፣ በቼሳፒክ ቤይ ዳር። ማዕበሉ ትንሽ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጄሊፊሽ ይኖረዋል፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ ውኃው ስለሚቆሽሽ ሁለት ቀን አለመግባት ይሻላል። ቅዳሜና እሑድ በጊዜ ይሞላል። ግን ጥብስ መጥበስ ይቻላል፣ ልጆቹም ይንቦጫረቃሉ።

ባለፈው ሰመር አንድ ዓርብ ማታ ስልኬ ጠራ። የባለቤቴ ወንድም ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ሴኮንዱ ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ሪፑስ?»

«ሃይ።»

ትንሽ ዝም አለ። «እንግዲያው ከሰሉን እኔ አመጣለሁ፣ ሳንዲ ፖይንት እንገናኝ» ብሎ ዘጋው።